ሃቪ የማያወጣው ስም

ሃንኮ፣ ኦክቶበር 14

ቬይዮ፣

ፖስትካርድህ ደረሰችኝ። ከፊቷ አጋዘን፣ ከጀርባዋ አንድ መስመር ተኩል። ኢሜይል ማንበብ ትቻለሁ ካልክ ይኸው በወረቀት ጻፍኩልህ። ለምን እንደተውክ አልጠይቅህም። ደህና ነህ ወይ ብዬም አልጠይቅህም፤ እህቴን ካይሱን ከቀበርን ወዲህ በደወልኩ ቁጥር «ደህና» ትልና ዝም ትላለህ፣ እኔም ሃንኮ ቁጭ ብዬ ኬሚያርቪ ያለውን የማቀዝቀዣህን ጩኸት አዳምጣለሁ። አንተ ደህና ልትሆን ትችላለህ፣ ማቀዝቀዣህ ግን ደህና አይደለም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የነፃ ሶፍትዌር ማኅበራችን ጋዜጣ ለፀደይ እትሙ ማወዳደሪያ ጻፊልን ብሎኛል። በአንድ በኩል ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠን ፋይል ፈልገው የሚያወጡ ፕሮግራሞች፣ በሌላ በኩል ኮድ የሚጻፍባቸው አርታኢዎች። ሁሉም በነፃ የሚገኙ፣ ኮዳቸውም ለማንም ክፍት የሆነ። ቤተ መጻሕፍቱ በጡረታ ስላሰናበተኝ ሥራ ፈት መሰልኳቸው፤ አልተሳሳቱም።

ፈላጊዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ከዴስክቶፑ ጋር ተሸጉጦ የሚመጣው፣ ሳትጠይቀው ያለህን ሁሉ የሚያነበው ነው። ሁለተኛው እንደ አንተ ነው፣ ካላዘዙት ንቅንቅ አይልም። ሦስተኛው አንተ ለብቻህ ስትሠራው የኖርከው ሃቪ ነው። የዓሣ መረብ ስም ይሁንለት ብላ ሃቪ ያለችው እህቴ ናትና ላዳላለት ዳር ዳር እያልኩ ነው። «ዓሣ ስትይዝ መረቡ ሁልጊዜ ይቀደድብሃል፣ ይኼኛው እንኳ ይያዝልህ» ብላህ ነበር፣ ታስታውሳለህ?

የጋዜጣውን ደንብ ታውቀዋለህ። ሞካሪው የገዛ ኮምፒውተሩን ነው የሚፈትሸው፤ ለሙከራ ተብሎ የተዘጋጀ ፋይል አይፈቀድም። ሃቪን በአዲሱ እትሙ ነው የምሞክረው። ሊኑክስን ከነነፃ ፕሮግራሞቹ አሰባስበው የሚያከፋፍሉት ልጆች ማርች ሲገባ ለአዲስ ለውጥ በሩን ይዘጋሉ፣ እስከዚያ የገባው እንዳለ ሁለት ዓመት በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። የምታርመው ነገር ካለ እስከዚያው አርመው።

ኮድ የምትጽፍበትን ቪምህንም በፍትሕ ነው የምዳኘው። ካይሱ ከእሱ መውጣት አቅቷት ኮምፒውተሩን ከግድግዳው የነቀለችበትን ቀን ግን ማንሳቴ አይቀርም።

ራይሊ


ኬሚያርቪ፣ ኦክቶበር 30

ራይሊ፣

በስልክ የጠየቅሽኝን አሁን ልመልስ። ያኔ አልመጣልኝም።

እበላለሁ። ድንች አለ። ጎረቤቴ ኦይቫ ዓሣ ያመጣልኛል፤ በቀብሩ ላይ ሰፊ ኮት የለበሰው ሰውዬ ነው። ልብሶቿን አልነካሁም። ከብዶኝ አይደለም። ቁምሳጥኑ ተዘግቷል፣ እኔም አልከፍተውም፣ ሌላ ነገር የለውም። ኢሜይል የተውኩት በፈላጊ ስለሚፈለግ ነው። ወረቀት አይፈለግም። አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ስከተው እዚያው ይቀራል።

የሃቪ አዲሱ እትም ኤፕሪል ላይ ወጥቷል። ጥሩ ይሠራል። ከጫንሽው በኋላ የፋይሎችሽን ቃላት ማውጫ ሠርቶ እስኪጨርስ አንድ ቀን ስጪው። ቃል መጻፍ ስትጀምሪ ቀሪውን ገምቶ ይጨርስልሻል፤ ኮምፒውተርሽ ውስጥ በብዛት ያለውን ቃል ያስቀድማል። ይህን ያስጨመረችኝ እሷ ናት፤ በአንድ ጣት ነበር የምትጽፈው።

ቪምን ሰዎች የሚጠሉት ሁለት ዓይነት ጊዜ ስላለው ነው። አንዱ የመጻፊያ ነው፣ ሌላው የማዘዣ። በማዘዣው ጊዜ የምትነኪው ፊደል አይጻፍም፤ ይቆርጣል፣ ያነሳል፣ ያጠፋል። ለምደሽው ከቆየሽ እጅሽን ከኪቦርዱ ሳታነሺ ትውያለሽ። እኔ አሁን አሁን በማዘዣው ላይ ብቻ እቆያለሁ። ምንም አይጻፍም።

አንድ ነገር ብቻ። ለሙከራው የምትፈልጊያቸውን ቃላት ተራ ቃላት አድርጊያቸው።

ቬይዮ
:wq


ሃንኮ፣ ኖቬምበር 17

ቬይዮ፣

ከፊርማህ ሥር የጫርካት ሁለት ነጥብና ሁለት ፊደል ምን ትሆን ብዬ ግማሽ ቀን ተጨነቅሁ። ለካ ቪምን «አስቀምጥና ውጣ» የምትልበት ትእዛዝ ናት! አንተ ሰውዬ፣ በብዕር ጽፈህም መውጣት አልቻልክም ማለት ነው። ብቻዬን ስስቅ ድመቷ ደንግጣ ወረደች።

የወረደችው ከኮምፒውተሩ ላይ ነው። ያ ከዴስክቶፑ ጋር የሚመጣው ፈላጊ ሥራ ሲጀምር ማሽኑ እንደ ሳውና ይግላል፣ እሷም እዚያው ተዘርግታ ትውላለች። ፍጥነቱን ግን አልክደውም፣ ጽፈህ ሳትጨርስ ያመጣል፤ ችግሩ ያልጠየቅኸውንም ያመጣል። ሁለተኛው ጨዋ ነው። ሲታዘዝ ብቻ ያነባል፣ ነገር ግን ሲያነብ አጥርቶ ያነባል፣ የድሮ ኢሜይል ውስጥ የተጣበቀውን ሰነድ ሳይቀር። መልኩ የግብር ቢሮ መስኮት ይመስላል እንጂ እሱን ለጎረቤት ብመክር አላፍርም። ሃቪ ከሁለቱም ይሻለኛል። ማድላት አይደለም፤ «ጣ» ስለው «ጣራ» ብሎ የጣራውን ጥገና ውል ከእነ ስዕሉ ዘረገፈልኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ተራ ቃላት ብለኸኝ ነበር። እኔ ደግሞ ኮምፒውተሬ ውስጥ በብዛት መኖሩን የማልጠራጠርበት ቃል አስፈለገኝና «ካይሱ» ብዬ ጻፍኩ። እድሜ ልካችንን የተጻጻፍነው፣ የፎቶዎቹ ስም፣ የእናታችን ቤት የተሸጠበት ሰነድ፣ የክርክራችን ሁሉ መዝገብ ስሟ አለበት። የመጀመሪያው ፈላጊ ሺህ ምናምን አወጣ። ሁለተኛውም ከእሱ እምብዛም አላነሰም። ሃቪ ዜሮ አለኝ። «ካ» ስለው ደግሞ «ካሜራ» አለ።

ማውጫውን አጥፍቼ እንደ አዲስ አሠራሁት። ዜሮ። የራሴን ስም ጻፍኩ፣ መጣሁ። የአባታችንን ጻፍኩ፣ መጣ። የድመቷን ጻፍኩ፣ የክትባት ካርዷ መጣ። የተሳሳትኩት ነገር ካለ ንገረኝ፤ በጋዜጣ ላይ ዜሮ ብዬ ልጽፍብህ አልፈልግም።

ሙታን በሚታሰቡበት በቅዱሳን ቀን መቃብሯ ላይ ሻማ ያበራው አንተ ሳትሆን ኦይቫ መሆኑን ሰምቻለሁ። አልተቆጣሁህም። መስማቴን እንድታውቅ ብዬ ነው።

ራይሊ


ኬሚያርቪ፣ ኖቬምበር 30

ራይሊ፣

ማውጫውን እንደገና አሠሪው። አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል። እኔ ጋ አልታየም።

ለጀማሪ የትኛውን አርታኢ ልምከር ብለሽ በስልክ ለጠየቅሽኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። አንቺ የምትጠቀሚበት ኬት ጥሩ ነው። ማውስ የለመደ ሰው አይደናገጥበትም፣ ሜኑ አለው፣ በሩ በግልጽ ይታያል። ኮዱን በቀለም ይለያል፣ ከላፕቶፕ ጋርም አይጣላም። ትልልቅ ፋይል ሲከፈትበት እንዴት እንደሚሆን ሞክሪው። ቪም በድሮ ማሽን ላይም፣ በሩቅ ባለ ማሽን ላይም አንድ ነው፤ ለዚያ ነው እሠራበት በነበረው ፋብሪካ ውስጥ የተጠቀምኩበት። ኢማክስ የሚሉት አርታኢ ግን አርታኢ አይደለም፣ ቤት ነው። ሰው ገብቶ ይኖርበታል። ደብዳቤውን እዚያ ያነባል፣ ቀጠሮውን እዚያ ይይዛል።

ፋብሪካው ሳለሁ ሌኖ የሚባል የኢማክስ ሰው አብሮኝ አንድ ክፍል ይቀመጥ ነበር። አንድ ትእዛዝ ለመስጠት ሦስት ጣቱን አንድ ላይ ይጫናል። «ስማ ሌኖ፣ እየሠራህ ነው ወይስ ፒያኖ እየተማርክ?» እለዋለሁ። «አንተስ፣ መውጫውን አገኘኸው ወይስ ሰው እንጥራልህ?» ይለኛል። ከዚህ ሌላ ብዙ አልተነጋገርንም፣ ግን ሲሄድ ክፍሉ ሰፋኝ። እሱም የሚፈልገውን ከኢማክስ ሳይወጣ ነው የሚፈልገው። ይህን ማወዳደሪያሽ ውስጥ አስገቢው፤ አርታኢው ራሱ ፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የጽሑፍ ፋይል ብቻ ላለው ሰው ሌላ ፈላጊ አያስፈልገውም ይሆናል። ፎቶና የታተመ ሰነድ ያለው ሰው ግን ማውጫ የሚሠራ ፈላጊ ያስፈልገዋል።

ባለፈው ሳምንት የስሟ ቀን ነበር፣ ስሟን የሚጋሩ ሁሉ የሚከበሩበት። ኦይቫ ኬክ ይዞ መጣ። ለምን ይዞ እንደመጣ አልገባኝም ነበር፣ እሱ ነገረኝ። በላን።

ቬይዮ


ሃንኮ፣ ዲሴምበር 11

ቬይዮ፣

ስለ ዜሮው የመለስክልኝ ሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። ስለ ሌኖ ጣቶች ግን አንድ ገጽ ሙሉ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ መጽሐፉ የጠፋበትን ሰውና መመለስ ያልፈለገውን ሰው በድምፁ እለየዋለሁ።

ስለዚህ የሃቪን ኮድ ከፈትኩት። ክፍት አይደል? በየስብሰባው «ማንም ገብቶ ይይ፣ የሚደበቅ ነገር የለም» እያልክ የምትለፍፈው አንተ ነህ። ገብቼ አየሁ። በኬት ነው ያየሁት፣ በማውስ እየጎተትኩ።

ማንኛውም ፈላጊ እያየ የሚያልፋቸው ቃላት አሉት። «እና»፣ «ወይም»፣ «ነው»። የሌሉበት ገጽ ስለሌለ ቢፈለጉ ለማንም አይጠቅሙም። ያንተን የሚታለፉ ቃላት ዝርዝር ወደ ታች ወረድኩበት። በፊደል ተራ ነው የተደረደረው። «ሁሉ» የሚለው ላይ ደረስኩ። ከሥሩ ካይሱ ነበረች። ከእሷ ሥር ደግሞ «ጋር»።

መጨረሻው ላይ ወርውረሃት ቢሆን በንዴት ነው እል ነበር። አንተ ግን ተራዋን ፈልገህ፣ ቦታዋን ጠብቀህ፣ በሥርዓት ነው ያስገባሃት። ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ከዚያ ሰዎች የላኩልህን የብልሽት ሪፖርት አነበብኩ። ጁን ላይ አንዲት የቫሳ ከተማ ሴት ጽፋልሃለች። የእሷም ስም ካይሱ ነው። «ሃቪን ካሳደስኩት ወዲህ የገዛ ኮምፒውተሬ ውስጥ የለሁም» ትላለች። የሥራ ማመልከቻዋን ፈልጋ አጥታ፣ የኪራይ ውሏን ፈልጋ አጥታ። አንተስ ምን አልካት? «እኔ ጋ አልታየም» ብለህ ዘጋኸው። እውነትህን ነው፤ አንተ ጋ አይታይም።

እህቴ «እና» አይደለችም፣ ቬይዮ። «ወይም» አይደለችም። ይህን በጥድፊያ ነው የምጽፍልህ፣ እጅ ጽሑፌን ይቅር በል። ሌላውን ይቅር በል አልልህም።

እርማቱን አብሬ ልኬልሃለሁ። እርማት የሚላከው በኢሜይል ነው፤ አንተ ስለማታነብ አተምኩት። አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ያለበት፤ ይህ መስመር ይውጣ ማለት ነው። ተቀብሎ የሚያስገባው የፕሮግራሙ ባለቤት እንደሆነ አውቃለሁና እጄን አላስገባሁም።

ራይሊ


ሃንኮ፣ ጃንዋሪ 9

ቬይዮ፣

ገናም አለፈ፣ አዲስ ዓመትም አለፈ፣ ካንተ ግን አንድ ቃል የለም። ትናንት ኦይቫ ጋ ደወልኩ። መብራትህ ይበራል፣ ጭስህ ይወጣል፣ ደጅህ ያለው በረዶ ተጠርጓል አለኝ። «እሱን ማየት ከፈለግሽ ግን መጥተሽ እይው፣ እኔ ዓሣ ነው የምሰጠው» አለኝ። ልክ ነው የሰደበኝ።

የገና ዋዜማ እዚህ ባሕሩ ገና በረዶ ሆኖ አልረጋም ነበር። ለካይሱ የሚሆን መቃብር እዚህ ስለሌለኝ ሻማውን እናታችን መቃብር ላይ አበራሁ። አላለቀስኩም። ሁለት ሰዎች «ጥሩ ገና» ብለውኝ አለፉ፣ እኔም «ጥሩ ገና» አልኩ። እንደዚያ ነው የከረምኩት፤ ያንተ ዝምታ ባንተ ብቻ የደረሰ እንዳይመስልህ።

በቁጣ የጻፍኩትን ግማሹን መልሼ ወስጃለሁ፤ የትኛውን ግማሽ እንደሆነ አንተው ምረጥ። ማወዳደሪያው አልቋል፣ የሃቪ ረድፍ ብቻ ባዶ ነው። ጋዜጣው ይጠብቀኛል፤ አከፋፋዮቹ ግን አይጠብቁህም። ማርች ሲገባ በሩ ይዘጋል። እንዲሁ ከተዘጋ እሷ ሁለት ዓመት በማንም ማሽን ላይ አትገኝም፣ የቫሳዋም ሴት እንደዚያው።

አንድ ቃል እንኳ ጻፍ። ዜሮም ቢሆን።

ራይሊ


ኬሚያርቪ፣ ጃንዋሪ 28

ራይሊ፣

አልታመምኩም። ለሐኪሙ ደውለሽለት ኖሮ ጠራኝ። ሄድኩ። ያልፋል አለኝ። ምኑ እንደሚያልፍ አልጠየቅሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀብሩ በኋላ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ካርታ ልፈልግ «ካ» ስል ሃቪ ስሟን ጨርሶ አቀረበልኝ። ካሜራ ልፈልግ «ካ» ስል ስሟን አቀረበልኝ። በብዛት ያለውን አስቀድም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከእሷ የበለጠ በብዛት ያለ ነገር ደግሞ ማሽኑ ውስጥ የለም። አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀስኩም። እጄ ግን ኪቦርዱ ላይ መቆም አቃተው። አንድ ጠዋት ዝርዝሩን ከፈትኩና ጨመርኳት። ከዚያ በኋላ «ካ» ስል ካርታ መጣ። ሥራዬን ቀጠልኩ።

ለራሴ ማሽን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ሃቪን የምሠራበትና የምጠቀምበት ፎልደር አንድ ስለሆነ ኤፕሪል ላይ ከሌላው ለውጥ ጋር ተጠቃሎ ወጣ። እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ጀማሪ ቢመጣብኝ ዳግመኛ ኮዴን አላስነካውም ነበር። የቫሳዋ ሴት ስትጽፍ ወዲያው ገባኝ። ገብቶኝ ነው የዘጋሁት። አፈርኩ ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ ወዲህ ነው ኢሜይል መክፈት የተውኩት።

የላክሽው ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ ነው። ማቀዝቀዣው አዲስ ነው፤ አሮጌው አንቺ እንዳልሽው ሆነ። ቅቤ ላወጣ በሄድኩ ቁጥር አነበዋለሁ። የመቀነስ ምልክት፣ ከዚያ እሷ።

በቪም አንድ መስመር ለማጥፋት አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ትመቺያለሽ። ሌላ ሥራ የለውም። ፋይሉን እከፍታለሁ፣ ጠቋሚውን እሷ ላይ አደርሳለሁ፣ የመጀመሪያውን እመታለሁ። ሁለተኛው ላይ እቆማለሁ። ከዚያ ላይ ማጥፋት እሷን መመለስ መሆኑን ጭንቅላቴ ያውቃል። ጣቴ ግን ስሟን እንደማጠፋ ነው የሚያውቀው። ትቼው እወጣለሁ። በየጠዋቱ እንዲህ አደርጋለሁ፣ ከዚያ እንጨት እፈልጣለሁ።

ሃቪን ከማወዳደሪያው አውጪው። ወይም አንቺ ተረከቢው። ቁልፉን እልክልሻለሁ፣ ባለቤቱ አንቺ ትሆኛለሽ፣ እርማትሽንም ራስሽ ታስገቢዋለሽ። እኔ ካሁን በኋላ የምሠራው አይመስለኝም።

ቬይዮ


ሃንኮ፣ ፌብሩዋሪ 9

ዋርሳዬ ቬይዮ፣

ቁልፉን አልቀበልም። ብትልከውም ባሕር ውስጥ ነው የምወረውረው፤ አሁን ደግሞ ረግቷል፣ በረዶ መብሻ መዋስ ሊኖርብኝ ነው። ባለቤቱ አንተ ነህ።

ለሐኪሙ መደወሌን ደብቄህ ነበር። ይቅርታ። የደበቅኩህ ሌላም አለ። «ካይሱ» የሚለውን ቃል ለማወዳደሪያው ብዬ የመረጥኩት አልነበረም። ጋዜጣው ሳይጠይቀኝም በፊት በሁለቱ ፈላጊዎች ስሟን ስጽፍ ነው የከረምኩት። ሺህ ምናምን ይላል፣ እሱን አይቼ እዘጋዋለሁ፣ አንዱንም አልከፍትም። እንደማትቀንስ ለማየት ብቻ ነው። ሃቪ ዜሮ ሲለኝ ለሁለተኛ ጊዜ የሞተችብኝ መሰለኝ፣ ለዚያ ነው እንደዚያ የጮኽኩብህ።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ አንዱን ከፈትኩት። ሃቪን ገና የሠራህ ጊዜ የጻፈችልኝ ነው። እንዳለ ልገልብጥልህ፦ «ራይሊዬ፣ ቬይዮ ለሠራው ፈላጊ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ እኔ ነኝ። ሁሉን ነገር ያገኛል፣ መነጽሬን ብቻ አያገኝም። ነገርኩት። 'ብልሽቱን በጽሑፍ አቅርቢ' አለኝ። አቀረብኩ። 'እኔ ጋ አልታየም' ብሎ ዘጋው። መነጽሩ ራሱ ላይ ነበር፣ የእኔን አድርጎት!»

ስቄ ስቄ ድመቷ ዳግመኛ ወረደች። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ያንተም ይምጣ አይምጣ አላውቅም፣ ሐኪም አይደለሁም።

ስለ አርታኢዎቹ ግን አንድ የማውቀው ነገር አለ። ማወዳደሪያዬ ውስጥ ሁሉም እኩል ነጥብ ያገኙበት አንድ መስፈርት አለ፤ ያጠፉትን መመለስ ይችላሉ። ኬትም፣ ኢማክስም፣ ያ መውጫ የሌለው ቪምህም። ጣትህ ካልገባው እንዲህ በለው፤ ምታው፣ ካልሆነልህ እመልስልሃለሁ።

ረድፍህ አሁንም ባዶ ነው።

ራይሊ


ኬሚያርቪ፣ ፌብሩዋሪ 27

ራይሊ፣

ሰኞ ጠዋት መታሁት። መስመሩ ጠፋ። «ሁሉ» እና «ጋር» ተጠጋጉ። መለስኩት። እንደገና መታሁት። ስንት ጊዜ እንደመላለስኩት አላውቅም፣ ኦይቫ ዓሣ ይዞ ሲገባ አሁንም እዚያው ነበርኩ። ትከሻዬ ላይ ቆሞ አየ። «ምንድን ነው የምታደርገው?» አለኝ። «መስመር እያጠፋሁ» አልኩት። «ጠፍቷል እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን ይሁንልህ?» አለኝ። አስቀመጥኩና ወጣሁ።

ከዚያ ምክንያት መጻፍ ነበረብኝ። ታውቂዋለሽ፣ በእኛ ሥራ ለውጥ ያለ ምክንያት አይገባም፤ ለምን እንደተለወጠ አንድ መስመር ይጻፋል፣ ፕሮግራሙ እስካለ ድረስም ከታሪኩ አይፋቅም። ሰዎች «ስህተት ታረመ» ብለው ነው የሚያልፉት። እኔም እንደዚያ ጽፌ ነበር። አጠፋሁትና እንዲህ አልኩ፦ «ሚስቴ ካይሱ ሞታለች። ስሟ ይፈለግ።»

ካነበብሻቸው ደብዳቤዎቼ ውስጥ ስሟ የለም። እኔም ያወቅሁት ያኔ ነው።

አከፋፋዮቹ ተቀብለውታል። ሐሙስ ዕለት ገብቷል፣ በሩ ሳይዘጋ። አዲሱን እትም እዚህ ጫንኩና «ካ» አልኩት። እሷን አቀረበልኝ። እጄ ቆመ፣ ግን ወንበሩ ላይ ቆየሁ። የመጣው ብዙ ነው። አንዱንም አልከፈትኩም። ማልቀስ የሚባለው አሁንም አልመጣም። ቁምሳጥኑን ከፍቼ ዘጋሁት፣ ይኸው ነው እስካሁን።

የቫሳዋን ሴት ሪፖርት መልሼ ከፈትኩት። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ አዲሱን ጭነሽ እስቲ እይው፣ ይቅርታ ብዬ ጻፍኩላት። መልሷን ለማየት ስል ኢሜይሌን ከፈትኩ። ብዙ ነገር ተከምሯል። ከሁሉ በላይ ዛሬ ጠዋት የገባው ነበር። ላኪዋ ካይሱ ይላል። ያልጠበቅሁት አልነበረም፣ ቢሆንም ለመክፈት ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ።

ሁለት ቃል ነው። «አሁን አለሁ።»

ስክሪኑ በራሱ እስኪጠፋ አየሁት። ከዚያ አብርቼ ሪፖርቱን ዘጋሁት። ምክንያት የሚለው ላይ በዚህኛው ጊዜ «ተገኝቷል» ብዬ ጻፍኩ። ረድፌን መሙላት ትችያለሽ።

ቬይዮ